መራመድ ሳይጀምሩ የጠፋችው የአሮጊቷ አገር

ሰመሩን፣ የፈረንጆቹን በጋ፣ እዚህ አሜሪካ ሜስኪት ከተማ ውስጥ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስዋጥ፣ ጨዋታ መስማት። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ገጥመዋል፤ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ደግሞ የተወለደችው አሥመራ ነው። በአራት ዓመቷ ነው የመጣችው፤ ትግርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ቢሆንም ከሰፈራችን የኤርትራ ተወላጅ የተባለ ሁሉ እየተለቀመ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይጫን ነበር። በየጠዋቱ ሺፍት ከመግባቴ በፊት ኮል አደርጋለሁ። «አለሁ፣ አትንቀዥቀዢ» ትለኛለች።

«ዝም ብሎ ጀርመን የተወለድኩ እንዳይመስልሽ» አሉኝ አሮጊቷ አንድ ቀን፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር። «እኔ የሮይስ ልጅ ነኝ።»

«የት ነው ደሞ እሱ?» አልኳቸው።

«እዚያው ጀርመን ውስጥ ሁለት ትንንሽ የመሳፍንት ግዛቶች ነበሩ። መሳፍንቱ ሁሉ ስማቸው አንድ ነው፣ በቁጥር ነበር የሚለዩት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱ ወረዱ፤ ግዛቶቹም ተዋህደው ሪፐብሊክ ሆኑ። ያኔ ተወለድኩ። ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ቱሪንጊያ የሚባል የጀርመን ክፍለ ሀገር ሆነ። መራመድ ሳልጀምር አገሬ ጠፋች!» ከት ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው አንጀቴን አሳረረው። «እናንተንስ? የት ወሰዷችሁ?»

«ማን ይወስደናል? አባቴ ፖስታ ቤት ነበር የሚሠራው። ማኅተሙን ቀየሩለት።»

ማኅተም! ወይ ነዶ! ቀናሁባቸው፤ እውነቱን ልናገርና ጠላኋቸው። ፀጉራቸውን ጎተት አድርጌው ኖሮ «ቀስ!» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ።

በሳምንቱ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። «እናትሽን ትናንት ወሰዷቸው። ጫማ እንኳ አላስቀየሯቸውም» አለችኝ። ለአሮጊቷ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ያን ቀን ወደድኳቸው።

ሦስት ሳምንት ወሬ ጠፋ። እንቅልፍም ምግብም የለም፤ ያለ ምንም ጉዳይ መኪናዬን አስነስቼ ፎርት ዎርዝ ድረስ እነዳና እመለሳለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴ ከአሥመራ ደወለች።

«ተመስገን! ተመስገን!» አልኩ። ላጽናናት ብዬም፣ «በቃ እማዬ፣ ምንም ቢሆን የተወለድሽበት አገር ገባሽ» አልኳት።

«ተይኝ እባክሽ» አለችኝ። «ትናንት ገበያ ወጥቼ አፌን ስከፍት፣ ‹ኢትዮጵያዊቷ መጣች› አሉኝ።»