ተመስገን ቁጥር አይደለም

ሲስተር ፈለቀች የሲኤምሲ ታክሲ ልትይዝ ጉርድ ሾላ ላይ ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ትንሽ ቆም አለች። ቦሌ አራብሳ ውሃ የምትመጣው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው፤ ፈለቀችም ጀሪካኗን ስትሞላ አድራ፣ ዓይኗን ሳትከድን ነው የወጣችው። የሚያውቃት ረዳት "ሲስተር፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?" ሲላት "ተመስገን" አለችው። ምን ትበል ታዲያ? ሰው ሲጠይቅ የሚባለው ተመስገን ነው፤ ወገብ ሊበጠስ ቢደርስም ተመስገን፣ ቤት ቢቃጠልም ተመስገን!

የእሷ ሥራ ደግሞ ከዚሁ ቃል ጋር ሲታገሉ መዋል ነው። ካንሰር ጠንቶባቸው ቤት የዋሉ ሰዎችን እየዞረች የምታይ ነርስ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ የሞርፊን ሽሮፕ አለ። ሽሮፑ የሚጨመረው ታማሚው በሚናገረው ቁጥር ነው፤ ምንም ካላመመው ዜሮ ይላል፣ ከዚህ የባሰ የለም ካለ ዐሥር። ክሊኒኩ ጥናት ላይ ነው፤ ሰው ሆስፒታል ሳይተኛ፣ ቤቱ እንዳለ ሕመሙን ማስታገስ ይቻል እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ያወጣው ሰው ግን ሲኤምሲ ቤታቸው መጥቶ አቶ ገብረዋሕድን ጠይቋቸው አያውቅም።

አቶ ገብረዋሕድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሽማግሌ ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው አከርካሪያቸው ድረስ ዘልቋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የምታስታምማቸው ልጃቸው ዮሃና ናት፤ ባንክ ትሠራለች፣ ለእሳቸው ብላ ፈቃድ ወስዳለች።

"አባቴ፣ ሕመሙ ዛሬ ከዐሥር ስንት ነው?" አለች ፈለቀች፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

"ተመስገን።"

"ተመስገን ቁጥር አይደለም አባቴ።"

"እንግዲህ አንድ በይው። አንቺን ደስ ካለሽ ሁለት።"

ከዚህ በፊት ፊቶች የተሳሉበትን ካርድ፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው፣ አሳይታቸው ነበር። የሚስቀውን መረጡ። ለምን ብትላቸው "ይሄ ጨዋ ይመስላል" አሏት። ኧረ በሕግ!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪማቸው ዶክተር ጸጋአብ ደውሎላታል። "ሲስተር፣ የኤምአርአዩን ምስል እያየሁት ነው። አጥንታቸው እንዲህ ሆኖ ሁለት ነው ይሉሻል? ማሽኑ ዕጢውን እንጂ ሕመሙን አያሳየኝም። እሳቸው ሳይናገሩ በግምት ሞርፊን አልጨምርም" ብሏታል። እውነቱን ነው። ሰውየው ግን የቀራቸው ጊዜ አጭር ነው፤ ያቺኑ አጭር ጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው ሊጨርሷት ነው። ፈለቀችን ያንገበገባት ይሄ ነው። በስንቱ ቤት አይታዋለች! ቀብር ላይ "ሳይሰቃይ ሄደ" ሲባል እየሰማች ስንቴ ዝም ብላ ተመልሳለች።

ዮሃናም ብትሆን አላገዘቻትም። "ሲስተር፣ ባባ አመመኝ ሳይል ለምን እንጨምርበታለን? አዲክት ቢሆንስ?" አለች። በዚህ ዕድሜያቸው ሱስ ቢይዛቸው ምን ሊሆኑ ነው፣ ጫት ቤት ሊውሉ ነው? ልትላት ፈልጋ ዋጠችው።

አቶ ገብረዋሕድ ትራሳቸው አጠገብ ለየዕለቱ የተከፋፈለ የጸሎት መጽሐፍ አላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የዕለቱን ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም። ፈለቀች ደም ግፊታቸውን ለክታ ቀና ስትል፣ ያቆሙበትን ገጽ የሚያሳየው ቀይ ክር ዓይኗ ውስጥ ገባ።

"አባቴ፣ ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ክሩ ሰኞ ላይ ምን ይሠራል?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አልቻልኩም" አሉ። "ስቀመጥ ወገቤን ይቆርጠኛል። ገጹን ሳልገልጥ ዓይኔ ይጨልማል። ሰኞን እንደጀመርኩት ይኸው ሐሙስ ደረሰ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?" ፈለቀች ድምጿ ከፍ አለ፤ ተናዳለች።

"ጠዋት ለፈጣሪ ተመስገን ብዬ ከሰዓት ለሰው አመመኝ ልበል? ማጉረምረም አይሆንብኝም?"

"ለፈጣሪ ተመስገን ይበሉ፤ ማን ከለከለዎት! እኔ ግን ፈጣሪ አይደለሁም። ካልነገሩኝ አላውቅም።"

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ነውር እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዘጠኝ" አሉ። ዮሃና አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

"አእምሮዬን ግን እንዳትወስጂብኝ" አሉ አቶ ገብረዋሕድ። "ጸሎቴን ሳላውቀው ተኝቼ መሞት አልፈልግም።"

"መጀመሪያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል፤ ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ ይለቅዎታል" አለቻቸው። አለች እንጂ ልቧ አላረፈም፤ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም።

ጸጋአብ መጠኑን ጨመረ። በማግስቱ ዮሃና ደወለች፣ እየጮኸች። "ባባን ምን አደረግሽው? ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ብቻ ነው!" ፈለቀች ሌላ ታማሚ ደጃፍ ላይ ነበረች። "ስሚኝ የኔ እህት። አተነፋፈሳቸውን እይልኝ። አሁን ደግሞ ጠርተሽ ቀስቅሻቸው፣ ይመልሱልሻል?" ዮሃና ሄዳ ተመለሰች። "ምን ያስጮህሻል አለኝ" አለች። "እንግዲያው ተያቸው። የስንት ወር እንቅልፍ ነው የቀረባቸው። ካልነቁልሽ ግን ወዲያው ደውይ።" ስልኩን ዘግታ በሩን አንኳኳች። ቅዳሜና እሁድ ስልኳ በጮኸ ቁጥር መርዶ እየመሰላት ደነገጠች። ይለቅዎታል ብላ የገባችው ቃል ነዋ!

ሰኞ ጠዋት ዮሃና በሩን ከፍታ ዝም በይ ብላ በጣቷ አመለከተቻት። አቶ ገብረዋሕድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በለሆሳስ ያነባሉ። ተቀምጠው! ፈለቀች እንባዋ መጣ። ጸሎት አይቋረጥምና ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ጀመር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ነው። ጀሪካኑም፣ ታክሲውም፣ ደረጃውም፣ የሰው ሁሉ ሕመምም እየራቀ ሄደ።

ስትነቃ ፀሐይዋ ከምንጣፉ ላይ ተነስታለች፤ ትከሻዋ ላይ ጋቢ ተደርቦላታል። ሽማግሌው አሁንም ያነባሉ። ክው አለች።

"አባቴ፣ እስካሁን አልጨረሱም? ሕመሙ አስቸገረዎት እንዴ?"

"ሰኞንማ ከጨረስኩ ቆየሁ።"

"ታዲያ ምን እያነበቡ ነው?"

"የማክሰኞን። ዝም ካልኩ ትነቂብኛለሽ ብዬ።" መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "እኔን አትጠይቂኝ፣ ዛሬ ሁለት ነው፤ የእውነት ሁለት። አንቺስ? ከዐሥር ስንት ነሽ?"

ፈለቀች ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

"ደክሞኛል አባቴ" አለች።

"በይ ተኚ" አሉና ገጹን ገለጡ። "ማክሰኞ ገና አላለቀም።"