በጂፒኤስ ያየሁት መርዶ

የእህቴን ሞት መጀመሪያ የነገረኝ ሰው አይደለም። ልጄ መኪናው ላይ የለጠፋት፣ መንገድ የምትመራ ዕቃ ናት። ይኼን ሳወራ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ ግን ድንጋጤው እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጄ ልጅ እንደተናገርኩት ትጻፈው።

ልጄ፣ የዚህች የምትጽፍልኝ ልጅ አባት፣ አዲስ አበባ ሹፌር ነው። መኪናዋ የራሱ ናት፤ እንግዳ እየጫነ እግሩ ረግጦት የማያውቅ አገር ድረስ ይሄዳል። እኔ ኑሮዬ ብቸና ነው። አንድ ዓመት ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ ወስዶ አሳከመኝ። ሞራው ተገፎ ዓለም እንደገና ሲታየኝ፣ "ነይ እስቲ እማ፣ አንድ ዕቃ ልገዛ ነው፤ አብረሽኝ ምረጪ" ብሎ ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

ዕቃዋ መዳፍ ታክላለች። ፊቷ መስተዋት ነው፤ መስተዋቱ ላይ መንገድ ተሥሎባታል። ጂፒኤስ ነው የሚሏት። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አውጥቶ ደረደረልን። አንዷ ፊቷ ሰፋ ያለ ነው፣ ግን ዱዳ ናት፤ ታሳያለች እንጂ አትናገርም። አንዷ ትናገራለች፣ ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ የምታውቀው የለም፣ ባዶ ሜዳ ነው። ሦስተኛዋ ትናገራለችም፣ ዋና ዋናውን መንገድም ታውቃለች፤ የማታውቀውን ደግሞ ባለቤቷ ራሱ እየነካ ይጨምርባታል። ልጄ እሷን አነሳ።

"ድምፅ ይምረጡ፤ ወንድም አለ፣ ሴትም አለ" አለ ባለሱቁ።

የወንዱን ነካው። ቁጡ ነው፤ እንደ ዘበኛ ይጮሃል።

"ይኼስ ይቅርብን፤ መንገድ ሊያሳየን ነው ሊያስረን?" አልኩ።

ባለሱቁ ሳቀና የሴቷን ነካው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነው፣ ሕፃን የምታስተኛ ትመስላለች።

"አማርኛ የምታውቅ የለችም?"

"ገና ናት እማማ። ትማራለች።"

"እንግዲያ ከኔ ቀድማ ትማራለቻ" አልኩና፣ "ይቺው ትሁን" አልኩት ልጄን። ተገዛች።

ወደ ብቸና ስንመለስ የመኪናው መስተዋት ላይ በላስቲክ ለጠፋት። የአባይን በረሃ ስንወርድ መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር እሷም ውስጥ ይጠማዘዛል። አንድም አትስትም። አይቼ አይቼ አላስችል አለኝ።

"ማን ነግሯት ነው?"

"ከሰማይ ሳተላይት ያያታል እማ።"

"እሷን ነው የሚያየው ወይስ እኛንም?"

"እኛንም ያየናል እንግዲህ።"

ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጄ እስከ ደጀን ሲስቅብኝ ሄደ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ማንንም አለመጠየቁ ነው። እኛ አገር መንገድ የሚጠየቀው ሰው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ቀጥሎ ዝናቡ እንዴት ነው ይባላል፣ ከዚያ ወዴት ናችሁ፣ እነማን ጋ ናችሁ፣ የማን ልጅ ነህ። መንገዱ የሚነገርህ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አገሩ ምን እንደሆነ ሁሉን ሰምተህ ትጨርሳለህ፤ ማን ወለደ፣ ማን ተጋባ፣ ማን ታመመ። ልጄ ይኼን ሁሉ ትቶ፣ የሴትዮዋን ድምፅ እየሰማ፣ አንድ ሰው ሳያናግር ብቸና ገባ።

በሳምንቱ እህቴን ልንጠይቅ ሞጣ ሄድን። እሷ ታናሼ ናት፤ እናቴ ሁለት ሴት ብቻ ነው የወለደችው። ባሏ ሞቶባት ሞጣ ላይ በርበሬ እየነገደች ብቻዋን ትኖራለች። ሞጣ ሳይደረስ ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ጥርጊያ አለ፤ ወደ ተወለድንበት የሚካኤል ደብር የሚወስደው እሱ ነው። እናት አባታችን ያረፉት እዚያ ነው። ተሳልመን ስንወጣ ልጄ ዕቃዋን ነካ ነካ አድርጎ በቦታው መስቀል አስቀመጠበት። እህቴ ደጅ ስንደርስ ደግሞ የቤት ሥዕል አስቀመጠ። ለኔም አሳየኝ።

"ይቺ ቤት የአክስቴ ናት። ይኼ መስቀል ሚካኤል ነው። ይቺ ቀይ ክር ደግሞ የምንሄድበት ናት፤ ጫፏ ያረፈበት መድረሻችን ነው።"

ተደነቅኩ። ፊደል የማላውቅ ሴትዮ ያየሁትን ማንበብ ቻልኩ።

እህቴ ከበሯ ላይ ቆማ ሁሉን ሰማች። "አይ እታለም፣ ባልሽ ነፍሱን ይማረውና ሴት ስትመራው አይወድም ነበር። ልጁ በሴት ተመሪ ወጣ?" አለችና እኔንም ልጄንም አሳቀችን። "ደሞስ የኔን ደሳሳ ቤት ምን ብላችሁ ሰማይ ላይ ጻፋችኋት? ግብር ልታስከፍሉኝ ነው?" እንዲህ ናት እሷ። በሳቅ ተቀብላ በሳቅ ሸኘችን።

ከዚያ በጋው አለፈ፣ ክረምቱም ወጣ። ልጄ አጥሬን ሊያድስልኝ መጥቶ ብቸና ሰንብቶ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ይዞት ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው።

"እማ፣ አክስቴን ትንሽ አሟታል አሉ። እንሂድና እንያት።"

"ሆዷ ይሆናል፤ የዘወትሯ ነው" አልኩ። ለሷ ብዬ ማር በጣሳ ቋጠርኩ፣ ፌጦም ያዝኩ። ልጄ፣ "መጀመሪያ እህል ቅመሺ" አለኝ። አልራበኝም ስለው፣ "ግድ የለሽም፣ ብዪ፣ መንገዱ ረጅም ነው" ብሎ እንጀራውን በእጁ ቆርሶ አጎረሰኝ። ልጄ አጉርሶኝ አያውቅም ነበር፤ መጥፎ ነገር ግን አልጠረጠርኩም። መኪና ውስጥ ስንገባ ዕቃዋን ወደ ራሱ አዞራት፤ መስተዋቷ አልታይ አለኝ። ፀሐይ መትታው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ያን ጊዜ አስፋልቱ እየተሠራ ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ተቆፍሮ፣ መኪናው ሁሉ በእርሻ መሀል በወጣ ጊዜያዊ መንገድ ይሄዳል። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት በእንግሊዝኛዋ ደጋግማ ትናገራለች።

"ምን ትላለች?"

"ተመለሱ ትላለች። እርሻ ውስጥ የገባን መስሏታል።"

"ታዲያ እውነቷን ነው፤ ጤፍ መሀል ነን።"

እንዲህ ስል መኪናው አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲነሳ፣ ላስቲኳ ለቀቀና ዕቃዋ ጭኔ ላይ ዱብ አለች።

አነሳኋት። መስተዋቷን አየሁ። ቀዩ ክር ከእኛ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጫፉ ግን ቤቷ ላይ አይደርስም። መስቀሉ ላይ ነው ያረፈው።

"ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ዛሬ ወዴት ነው የምትወስደን?"

መንገዱን እያየ፣ "ተሳስታ ነው እማ" አለ።

"ትሳሳታለች እንዴ?"

ከእጄ ተቀበለኝና አጥፍቶ ኪሱ ከተታት።

ቀኑ የሚካኤል አይደለም። በዓልም የለ፣ ሰርክም አይደለ። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የወጣ ሰው በዚህ ሰዓት ሚካኤል ምን ይሠራል? ልጄ ስለዚያች ዕቃ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ዛሬ ተሳሳተች አለ። እህቴ አፈር ልትገባ ነው፤ ገባኝ።

መርዶ እኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሰውዬው እህል መቅመሱ ይጠየቃል፤ ራሱን እንዳይጥል ጉልበት ያላቸው ግራና ቀኙ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቃል መርጦ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ መሪ ከያዘ ልጅ ጋር ለብቻ ሆኖ አይሰማም። ብጮህ ልጄ ገደል ይዞኝ ይገባል። አለቀስኩ እንዳልል እንባውም አልመጣ፤ ማንም ሞተች አላለኝማ። ያየሁት ክርና መስቀል ነው። በክርና በመስቀል ይለቀሳል?

"ማሩ እንዳይደፋ እማ" አለኝ ልጄ።

"ይዤዋለሁ" አልኩ።

እሱም አላወቀች ብሎ፣ እኔም አላወቅሁ መስዬ፣ ሁለታችን አንዲት ጣሳ ማር ስንጠብቅ ሄድን።

መገንጠያው ጋ መድረስ ነበረብን፤ አጣነው። አፈሩ በማሽን ተቆልሎ፣ ምልክት የነበረው ዋርካ ተነቅሎ፣ እኔም ብሆን አገሬን አላውቀው አልኩ። ልጄ ቀስ ይላል፣ ይፈጥናል፣ መልሶ ቀስ ይላል። ላብ በአንገቱ ይወርዳል። ዕቃዋን እንዳያወጣት እኔ አለሁ። ሰው እንዳይጠይቅ ደግሞ፣ የዚያ አገር ሰው ገና ሰላምታ ሲያቀርብ "ለቀብሩ ናችሁ?" እንደሚለው ያውቃል። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ሲመጡ አየና መኪናውን አዘገመ፤ ሰውዬው ወደ እኛ ቀረብ ሲሉ ደንግጦ ነዳው። በመስኮት ዞሬ አየሁ፤ ነጠላቸውን የሀዘን አጣፍተዋል። ከሳቸው ኋላ ሴቶች ይመጣሉ። ሁሉም የሚሄዱት እኛ ትተነው ወደመጣነው ነው።

የሞጣ ቆርቆሮ ከሩቅ አብለጨለጨ። አልፈነዋል። ፀሐይዋም ወደ ማዘቅዘቁ ነች። ዝም ብል፣ እሱ መርዶውን ለሽማግሌ ትቶ፣ እኔ ያላወቅሁ መስዬ፣ እህቴ ያለእኔ ልትቀበር ነው።

"ልጄ" አልኩት፣ "አውጣና አብራት።"

"ምኗን?"

"ሴትዮዋን። አፈር ሳይመለስባት ልድረስ።"

መኪናውን ዳር አስያዘና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"አንዲት ቃል እንዳታወጣ፣ እኛ የሚካኤል በር ላይ እንጠብቃታለን ብለውኝ ነበር እኮ በስልክ።"

"አላወጣህም። በል አብራት።"

አበራት። ቶሎ ራሷን አታውቅም፤ ሰማዩን ፈልጋ እስክታገኝ መጠበቅ አለብን አለኝ። የዚያን ያህል የረዘመ ነገር አላየሁም። ኋላ ተናገረች። ያው ዝግ ያለው ድምፅ ነው፤ አይደነግጥ፣ አያዝን፣ አይቸኩል። መኪናውን አዞርን። የተቆለለ አፈር ጋ ስንደርስ ልጄ፣ "ታጠፉ ትላለች" ብሎ አፈሩን ዞሮ ገባ፤ ጥርጊያው እዚያው ከኋላው ነበር።

የሚካኤል በር ላይ እውነትም ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የነፍስ አባታችን መሀል ናቸው፤ ሁለት የአጎቴ ልጆች ሊይዙኝ ተነሡ፤ አንዲት ሴት ዳቦ በመሶብ ይዛለች። ከውስጥ ፍትሐቱ ሲያልቅ ይሰማል።

"ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉኝ አባታችን፤ ሽበቴን እያዩ ልጄ ነው የሚሉኝ። "እህል ቀምሳችኋል?"

"ቀምሻለሁ አባቴ።"

"ተመስገን። በይ እስቲ ትንሽ አረፍ በይ።"

"አባቴ፣ አውቄዋለሁ" አልኳቸው።

ዞረው ልጄን በቁጣ አዩት። "አንተ ነህ? እናትህን መንገድ ላይ ልትጥላት ነው?"

"እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።"

"ታዲያ ማን ነገረሽ?"

መኪናውን በእጄ አሳየኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው የአጎቴ ልጅ፣ "ሀዘኑ አእምሮዋን ነካው" ሲል ሰማሁት። ከውስጥ አንድ ዲያቆን ብቅ ብሎ፣ "አባታችን፣ ቃሬዛው ተነሥቷል፤ ምን እናድርግ?" አለ።

"አባቴ" አልኳቸው፣ "እስካሁን ከሰው አፍ አልሰማሁም። ማልቀስ አቃተኝ። እንዳሰቡት ይንገሩኝና ልግባ።"

መስቀላቸውን አወጡ። የአጎቴ ልጆች ግራና ቀኜን ያዙኝ፤ ልጄም መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

"የሰው ልጅ የተበደረውን ነፍስ ይመልሳል" አሉ ቀስ ብለው። "እናታችሁ ሁለታችሁን ወልዳ ነበር። አሁን አንቺ ነሽ የቀረሽው። እህትሽ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች።"

ያኔ ጮህኩ። ተሸክመው ነው ያስገቡኝ። ስንደርስ በሰሌን ጠቅልለዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ አሳርፈዋታል። ሰሌኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ የልቤን አለቀስኩ። አፈሩ ገና አልተመለሰም ነበር።