ሶር ወንዝ ዳር የተተከለው መሣሪያ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ የሰጡኝ ብሩሽና ቀይ ቀለም ነበር። ሶር ወንዝ ዳር በተከልናት የቆርቆሮ ቤት በር ላይ፣ እሳቸው እንዳዘዙኝ «አውቶማቲክ መሣሪያ፤ መንካት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ከመቱ የተላክሁ አዲስ የውሃ መለኪያ ቴክኒሽያን። ፊደሌ ስላማረ ኮራሁ።

ውስጥ ያለው የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ ማሽን ነው። ወረቀት የተጠቀለለበት ሲሊንደር በሰዓት ኃይል በሳምንት አንዴ ይዞራል፤ ብዕሩ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል መስመር ያሰምራል። ሰኞ ሰኞ የሞላው ወረቀት ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ ሰዓቱም ይሞላል። ወረቀቱ ካልተቀየረ ብዕሩ በአሮጌው መስመር ላይ ይደርባል፤ ያኔ አሮጌውም አዲሱም አይነበብም።

ለዚህ ሥራ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ የሚኖር ቶለራ የሚባል ገበሬ ቀጠርን። እጁ ጠብታ ቀለም አያፈስም።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር ስሟ ማነው?» አለኝ።

«በሩ ላይ አለልህ።»

ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው። በጣቱ እየተከተለ አነበበና ደስ አለው።

ገበያ ላይ ሥራውን ሲጠይቁት፣ «ወንዝ ዳር አውቶማቲክ መሣሪያ አለኝ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው» አለ። ያኔ አውቶማቲክ ማለት ጠመንጃ ነው። ከገበያው ሳይወጣ አብዮት ጥበቃዎች ያዙት።

እንደሰማሁ አንድ የተሰመረበት ወረቀት ይዤ ቀበሌ ሮጥኩ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የውሃ መለኪያ ነው።»

«መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም?»

«መሣሪያ ነው፣ ግን...»

«ይኸው፣ አመነ!» ብሎ ወደ ጥበቃው ዞረ።

ለምኜ ሊቀ መንበሩን ወንዙ ድረስ ወሰድኩትና በሩን በትርፉ ቁልፍ ከፈትኩለት። አየና ሳቀ። «ለውሃ ይሄ ሁሉ?» አለ። ስንመለስ ቶለራ በመኪና ተጭኖ ሄዷል። ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። መቱ ስጠይቅ «እዚህ የለም» አሉኝ። አለቃዬ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ብለምናቸው፣ «አንተ ስለ ሰኞው ወረቀት አስብ» አሉኝ። ተስፋዬ ያን ቀን ተቆረጠ።

ቶለራን ስፈልግ ሰኞ አልፏል። ወደ ወንዙ ስሄድ ሚስቱ ጫልቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ኢኒ ኤሳ ጅራ?» አለችኝ፤ የት ነው ያለው ማለቷ ነው። ኦሮምኛ እችላለሁ። መቱ ጠይቄ እንዳጣሁት ነገርኳት። በሩን ከፈትኩ። መስመር በመስመር ላይ ተደርቧል፤ ሰዓቱ ቆሟል፤ የብዕሩ ቀለም ደርቋል።

በዚያው ቀን የበሩን ጽሑፍ በቀለም ደፈንኩት። ቶለራ አልተመለሰም።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፤ ወንዝ ዳር በምትተክሉት በር ላይ «የውሃ መለኪያ» ብላችሁ ጻፉ። በኦሮምኛም ጨምሩበት።