«ዳታ» ተብሎ የተሸጠልኝ ገመድ

እስቲ ይቺን ስሙኝ። ባለፈው ክረምት መካኒሳ አቦ፣ ሙዚቃ የምጭንባትና የስልክ ዕቃ የምሸጥባት ሱቄ ውስጥ የሆነ ነው። ዛሬም አዲስ ገመድ ከማሸጊያው ባወጣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዝናቡ ሲጀምር አንዲት የመንገድ ቀያሽ ቦቲዋን ጭቃ አልብሳ ገባች። ካልኩሌተር ሰጠችኝና «ወንድሜ፣ ከዚህ ላይ ፋይል ወደ ኮምፒዩተር ገልብጥልኝ» አለችኝ።

«ከካልኩሌተር ምን ይገለበጣል እህቴ? ዘፈን?»

አልሳቀችም። የለካችው የመንገድ ነጥብ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ደግሞ ሊያልቅ ነው።

«ድንጋይ ልቀይርልሻ!»

«ካወጣኸውማ ሁሉም ይጠፋል። የለካነው ቦታ ደግሞ ዶዘር ገብቶበታል፤ ድጋሚ የሚለካ መሬት የለኝም።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። «ለዳታና ለቻርጅ» የሚል አዲስ ገመድ ከማሸጊያው አውጥቼ ሰካሁ። ኮምፒዩተሩ ዝም። ሌላ ሰካሁ፣ ዝም። የካልኩሌተሩ ስክሪን እየደበዘዘ ነው። ኮምፒዩተሩን በጥፊ አልኩት።

«እሱ ምን አደረገህ? ገመዱ ነው!» አለችኝ።

ተናድጄ በመቀስ ቆረጥኩት። ውስጡ ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ! ፋይል የሚያሳልፉት ነጭና አረንጓዴው የሉም። ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ በድንጋይ የሚሠራው ካልኩሌተር ደግሞ ቻርጅ አይቀበልም።

ፊት ለፊቴ የካሚል ሱቅ አለ። ደንበኛ ነጠቅከኝ ተባብለን ከተኮራረፍን ቆይተናል። ምን ላድርግ፣ ጮህኩ፦ «ካሚል! ፋይል የሚያሳልፍ የድሮ ካሜራ ገመድ አለህ?»

«ዛሬ ምላስህ ተፈታልህ?» አለኝ። ግን በዝናብ እየሮጠ መጣ። ገመዱ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተሰበረ እጅ ይመስላል። «እንዳትነካካው፣ ይለቃል» ብሎ ራሱ ያዘልን።

ኮምፒዩተሩ አነበበ። ተገልብጦ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ልነቅል እጄን ስሰድ፣ «እንዳትነቅል!» ብላ ጮኸችብኝ። ፋይሉን ከፍታ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ ከካልኩሌተሩ ስክሪን ጋር አስተያየች። አንድ ነው።

«አሁን ንቀል።»

ነቀልኩ። ወዲያው ካልኩሌተሩ ድርግም አለ።

ከካሚል ጋር አሁን በየቀኑ እንሰዳደባለን፣ ሰላም ነን ማለት ነው። ፕላስተራሙን ገመድ ግን አልመለስኩለትም።

እናንተ ይሄን ገመድ የምታስመጡ ጌቶች፦ ሁለት ቀጭን ሽቦ ቆጥባችሁ «ዳታ» ብላችሁ ስትሸጡልን፣ ያቺ ልጅ ዶዘር የበላውን መሬት በምን እንድትለካው አስባችሁ ነው?