በኒድ ደረጃ ላይ የወጣው ፓስፖርት

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በሦስት ምንጮች ተደግፌ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር፣ በአንዲት ቅዳሜ፣ ከካሰል ወደ ፍራንክፈርት ስሄድና ስመለስ የሞላሁት የኪስ ደብተር ነው። ሁለተኛው ከአርባ ዓመት በላይ ያስቀመጥኩት የኪራይ ውል ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ፊርማዬ ግን ዛሬም ይነበባል። ሦስተኛው ትዝታዬ ሲሆን ከሦስቱ አብልጬ የምጠራጠረው እርሱን ነው። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው የሚያስታውሰውንና ደጋግሞ በማውራት ያጸናውን ለመለየት ይቸግረዋል። በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ንግግሮች ሐሳቡን እንጂ እያንዳንዱን ቃል አይወክሉም፤ ክላረንስ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ እየቀላቀለ ነበር የሚናገረው።

ክላረንስ ማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በወታደርነት ወደ ጀርመን መጥቶ፣ የደንብ ልብሱን ካወለቀ በኋላም እዚያው ቀርቶ፣ ዕድሜውን በሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት አሳልፏል። በወጣትነታችን ወዳጆች ነበርን፤ ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ተጠፋፋን። በዚያው ዓመት በጋ ሕይወት የምትባል ኢትዮጵያዊት ከፍራንክፈርት ደወለችልኝ። ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን የምትንከባከብ ነርስ ናት፤ ከምትጎበኛቸው አንዱ ክላረንስ ነው። ስልኬን ያገኘችው በቤተ ክርስቲያን ጠይቃ ነው።

«ጋሼ ይርጋ፣ ሽማግሌው ስለ እርስዎ ሳያወራ ክንዱን ለመርፌ አይሰጠኝም» አለችኝ። «እሱ ለሚኖርበት ሰፈር፣ ለቦናመስ ተማሪዎች ድምፁን ሊቀዳላቸው ነው። የሚነግራቸው ያችን የኒድ ሰፈሯን ታሪክ ነው፤ እርስዎ ፓስፖርትዎን ወደ ኪስዎ መልሰው፣ ጓደኛዬ ያልገባበት ቤት አልገባም ብለው የሄዱባትን። መጥተው በራስዎ ድምፅ ያረጋግጡልኝ ይላል።»

እመጣለሁ አልኳት። ችግሩ አንድ ነበር፤ እኔ እዚያ ቤት ገብቻለሁ። ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ።

ካሰል፣ ጎህ ሲቀድ

ጣቢያው ላይ ጭጋግ አለ። ቡና በወረቀት ኩባያ፣ ሁለት ዩሮ ከሰማንያ፤ ጥቁር ዳቦ በአይብ ከቤት ይዣለሁ። ውሉን በፕላስቲክ አቃፊ አድርጌ በውስጥ ኪሴ አስገብቼዋለሁ። ባቡሩ ቀስ እያለ የሚሄደው፣ በየትንሹ ከተማ የሚቆመው ነው። ጎመን የተተከለበት ማሳ፣ እንጨት በተሸረበ ግድግዳ የቆሙ ቤቶች፣ በኮረብታ ላይ የማርቡርግ ቤተ መንግሥት።

ከማርቡርግ በኋላ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። በሠረገላው ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ቆጥሬያለሁ። መታወቂያ የተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። የጀርመን መታወቂያዬን ሰጠሁ፤ ወጣቱ ፖሊስ ፊትና ጀርባውን፣ የተጻፈውን ማዕረጌንም አይቶ «መልካም ጉዞ፣ ሄር ዶክተር» አለኝ። ትሕትናው የእውነት ነበር። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት እስከ ጊሰን ድረስ ከመስኮቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ኒድ፣ ረፋድ

ወደ ክላረንስ ከመሄዴ በፊት ቤቱን ማየት ፈለግሁ። ከፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ፣ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ወደ ኒድ ሰፈር በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም ተሳፈርኩ። የጎማ መሸጫዎች፣ የቱርክ ዳቦ ቤቶች፣ ያገለገሉ መኪኖች የተደረደሩባቸው ግቢዎች፤ ከዚያ የኒዳ ወንዝ ድልድይ። ቤቱ ከትራም ፌርማታው ትይዩ እንደቆመ ነው። በትዝታዬ በሩ አምስት ደረጃ ነበረው። አሁን ሦስት ነው።

ነገሩ የሆነው በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ነው። በጋዜጣ የወጣው ማስታወቂያ በሁለተኛ ፎቅ ሁለት የተሟሉ ክፍሎች እንደሚከራዩ ይናገር ነበር። ክላረንስ የጦር ሰፈሩ ኑሮ ሰልችቶታል፤ እኔ የሕግ ዶክትሬቴን የምጽፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እፈልጋለሁ። አንድ አንድ ክፍል ልንይዝ ተስማምተን መጣን። ባለቤቷ፣ ሽርጥ የታጠቀች መበለት፣ በሩን ከፍታ ክላረንስን አየችና ለጥቁሮች እንደማታከራይ ተናገረች። አልጮኸችም፤ ጎረቤቶቿ ቅር እንዳይላቸው ነው አለች።

ያን ጊዜ እኔ ፓስፖርቴን አወጣሁ፤ ሽፋኑ ላይ አንበሳ ያለበትን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ፓስፖርት። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ» አልኩ፣ በምችለው ሁሉ ጥሩ ጀርመንኛ።

ይህ አባባል ምን ማለት እንደነበር አንባቢዬ ይረዳል። እኔ ባደግሁበት ቤት ሰው ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ ይባል ነበር፤ ሴትዮዋ የተናገረችው ቃል የሌላ ሕዝብ ስም ይመስለኝ ነበር። አስተባበልኩ እንጂ አልዋሸሁም ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አሳምኛለሁ። መበለቲቱ የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይታ ኖሮ ፊቷ በራ። አስገባችኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ ክላረንስን ማየቴን አላስታውስም።

ይህን ደብተሬ ላይ ስጽፍ አንድ ሰው የባዶ ጠርሙስ ሣጥን ይዞ ከበሩ ወጣ።

«ማንን ይፈልጋሉ?»

«ማንንም። ቤቱን እያየሁ ነው።»

«ቤቱ ከሆነ ተከራይቷል» አለና ሄደ።

ምናልባት በእርግጥ የተለቀቀ ቤት ኖሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጠይቀው አርፍዶ ይሆናል። ምናልባትም ሌላ ነገር አስቦ ነው። መመዝገብ እንጂ መፍረድ አልቻልኩም።

ቦናመስ፣ ከሰዓት በኋላ

በምድር ውስጥ ባቡሩ ወደ ሰሜን፤ ከዚያ በእግር ወደ ቤን ጉሪዮን ሪንግ ረጃጅም ሕንፃዎች። በየሰገነቱ የሳተላይት ሳህን፣ የተሰጣ ልብስ፣ ብስክሌት። ሕይወት ስምንተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ዲንስቴን ጨርሼ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ዛሬ የምጎበኘው ሰው፣ ሌላ ቴርሚን የለኝም፤ ለናንተ ነው የቆየሁት። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው፤ ሙሽራ የሚመጣለት ነው የሚመስለው።»

ክላረንስ ከወንበሩ ሳይነሳ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ግባ፣ ኢትዮጵያ! ፀጉርህን የት ጣልከው?»

«አንተ ሆድህን ካነሳህበት አጠገብ።»

ሳቀ። ሳቁ አላረጀም። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መቅጃ ነበር። ቁልፉን ተጫነ፤ ወዲያው ጀርባው ቀና፣ ድምፁም የሌላ ሰው ሆነ።

«ልጆች፣ እኔ በተወለድኩበት ከተማ የሬዲዮ ጣቢያው የኋላ በር ነበረው። ወለል የሚጠርገውም መዝሙር የሚዘምረውም ጥቁር የሚገባው በዚያ ነበር። ድምፃችን ግን በፊት በር ይወጣ ነበር። ጦሩ ከነጮች ጋር በአንድ ገበታ አስቀመጠኝ፤ በትእዛዝ። እዚህ ስደርስ ትእዛዙ የሚሠራው እስከ ሰፈሩ አጥር ድረስ መሆኑን አየሁ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት የቤት አከራዮች ነበሩ።

በአገሬ የጥቁሮች የመብት ሕጉ ሲጸድቅ ዜናውን እዚህ በጦሩ ሬዲዮ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ አንዲት ጀርመናዊት አድማጭ አበባ ይዛ ጣቢያው በር ድረስ መጣች። አየችኝና ዜና አንባቢውን ጥራልኝ አለችኝ። ወጥቷል አልኳት። አበባውን ግን ተቀበልኩላት።»

ሕይወት አፏን በእጇ ያዘች።

«ሕግ ወንበሩን ያስለቅቅልሃል። አጠገብህ ያለው ሰው ፊቱን እንዲመልስልህ ግን ሊያስገድደው አይችልም፤ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ረጅም ሥራ። አሜሪካ ጥቁር ፕሬዚዳንት ስትመርጥ ሰዎች ደውለው ‹በቃ፣ አለቀ› አሉኝ። እስቲ ነገ ቤት ፈልጉልኝ አልኳቸው። አሁን ደግሞ በኒድ፣ በአንድ ደረጃ ላይ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ምስክሬ እዚህ አለ።»

መቅጃውን ወደ እኔ ገፋው። ቀይዋ መብራት ትበራለች። በባቡር ውስጥ ያዘጋጀሁትን ጥሩ ዓረፍተ ነገር ተውኩት። ከኪሴ አቃፊውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ሕይወት ጎንበስ ብላ አነበበች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቤት ውል ነው። የኒድ ነው። ስሙ ደግሞ የእርስዎ…» አለች።

ክላረንስ መቅጃውን አጠፋ። ወረቀቱን አልተመለከተውም።

«አውቃለሁ» አለ። «ፌርማታው ላይ ቆሜ የቀረሁት እኔ እኮ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ ታወራለህ?» አልኩት።

«እጅህን አየሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ። እጅህን አነሳህ። ጠብቀኝ፣ እወርዳለሁ ማለትህ መሰለኝ። ሁለት ትራም አሳለፍኩ፤ በሦስተኛው ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ታሪኩን ስናገር ‹ሊወርድ ነበር› እል ነበር። ከዓመታት በኋላ ‹ወረደ› ሆነ። በሬዲዮ እንደዚያ ሲሆን ያምራል።» ከዚያ ጠየቀኝ፤ «ለምን ነበር እጅህን ያነሳኸው?»

የማስታውሰው መጋረጃ ነው። በእጄ የያዝኩት ወፍራም መጋረጃ፣ ወደ ጎን ሲሳብ። ይህንኑ ነገርኩት።

«ልትዘጋው ነበር ወይስ እኔን ልትጠራ?»

«አላውቅም፣ ክላረንስ።»

ሕይወት ወደ እኔ ዞረች። «ያኔ ፓስፖርቱ ይሠራ ነበር ማለት ነው? እኔ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ቤት ስፈልግ በስልክ ሁሉም ይስማማል፤ በሩ የሚዘጋው ፓስፖርቴን ያሳየሁ ቀን ነው።» እየቀለደች አልነበረም፤ እየወቀሰችኝም አልመሰለኝም። የምትይዘው ፓስፖርት የዚያው አገር፣ የኢትዮጵያ ነው።

ክላረንስ መቅጃውን አነሳ። «በእኛ ሬዲዮ ጣቢያ ደንብ ነበር» አለ። «ሁለት ምንጭ የሌለው ዜና አይነበብም። መግባትህ ሁለት ምንጭ አለው፤ አንተና ይህ ወረቀት። እጅህን ማንሳትህን ሁለታችንም እናውቃለን። ለምን እንዳነሳህ ግን አንድም ምንጭ የለንም።»

የቀደመውን አጥፍቶ እንደገና ቀዳ። ስለ አበባው የተናገረው በሁለተኛው ቅጂ አጥሯል፤ ስለ ኒድ የተናገረው ግን ረዝሟል። መጨረሻው እንዲህ ነበር፤ «ጓደኛዬ ክፍሉን ተከራየ። እኔ ወደ ጦር ሰፈሬ ተመለስኩ። አሁን አጠገቤ ተቀምጧል፤ ራሱ ይንገራችሁ።»

«ስሜ ይርጋ ነው» አልኩ። «እውነት ነው። እርሱን ውጭ ትቼ ገብቻለሁ።» ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ መልሶ አላሰማኝም።

ስሰናበት ከወንበሩ አልተነሳም። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀም።

«ያ ፓስፖርት አለህ?»

«አለኝ።»

«በሚቀጥለው ይዘኸው ና። አንበሳውን አይቼው አላውቅም። ያሳየሃት ሴትዮዋን ነው።»

ወደ ካሰል፣ ማምሻ

በመመለሻው ባቡር ማንም አልጠየቀኝም። ከጊሰን በኋላ ውሉን አውጥቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ምናልባት ከፈረምኩበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጀርባው የክፍሉ ዕቃ ዝርዝር በመበለቲቱ እጅ ተጽፏል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስተዋት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ ሳህን። የመስተዋቱ ጠርዝ መሰንጠቁ ሳይቀር ተመዝግቧል። መጋረጃ የለም።

ስልኬን አውጥቼ የክላረንስን ቁጥር ፈለግሁ። መስኮቱ ባዶ ከነበረ፣ እጄ አንተን ከመጥራት ሌላ ምን ሊያደርግ ይነሣል ልለው ነበር። ከዚያ በዝርዝሩ ውስጥ አለመጻፉ አለመኖሩን እንደማያረጋግጥ፣ የማስታውሰውንም መጋረጃ ራሴ በኋላ ገዝቼ የሰቀልኩት ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ። ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት። በዚያ ቀን በዚያ መስኮት ላይ መጋረጃ መኖር አለመኖሩን እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።