ጨዋ የተባልሁ ቀን

በ2011 ዓ.ም. የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። የመጨረሻ ልጄ የሞጣ ልጅ ወዶ፣ እኔና አንድ ጎረቤቴ ለሽምግልና ከቢቸና ተነሥተን ሄድን። የልጅቱ አባት ደኅና ሰው ነው። ነገራችንን ሰምቶ «መልሱን ከማዕድ በኋላ» አለ። እንጀራው ሲቀርብ ወደ እኔ ዞረ።

«በዕድሜ እርስዎ ይበልጣሉ፤ ይመርቁልን።»

ልነሣ ስል የልጅቱ አጎት፣ መሪጌታው፣ «ተው እንጂ፣ እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ እኔ እመርቃለሁ» አለ።

እናቴ በሰው ቤት ቀድመን ወደ ገበታ እጃችንን ስንሰድ «የጨዋ ልጅ አይደላችሁም?» እያለች ነው ያሳደገችን። እናም ደስ አለኝ። «ይመስገን፤ ያሳደጉኝን ነፍስ ይማር» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጥቂት ዓመት ቄስ ትምህርት ቤት የቆየው ጎረቤቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «አንተ ዝም በል! ፊደል ያልቆጠረ ማለቱ ነው። እነሱ ዘንድ ጨዋ ማለት መሃይም ነው።»

ደሜ ፈላ። እውነት ነው፣ ፊደል ለይቼ እየተንገዳገድሁ ከማነብ በቀር ትምህርት የለኝም። ግን ስድብን በምስጋና ጠቅልሎ ማጉረስ ምን ይሉታል?

«መሪጌታ፣ ምነው በሰው ፊት ያዋርዱኛል?»

«አባቴ፣ አይቆጡ» አለ እየሳቀ። «ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ፄዋ፣ ምርኮኛ ማለት። ነገሥታቱ የማረኩትን ወታደር አደረጉት፣ ለወታደሩ መሬት ሰጡት፣ ልጁም የጨዋ ልጅ ተባለ። ካህን ያልሆነውን ሁሉ ደግሞ እኛ ጨዋ አልነው።»

አንቱታውን እዚያው ጣልሁት። «መሃይምነቱ አነሰና ምርኮኛም አደረግኸኝ!»

ዱላየን አነሣሁ። ጎረቤቴ ጋቢየን ይዞ «መልሱን ሳንሰማ? የልጅህን ትዳር ጥለህ?» ቢለኝ መንጭቄው ወጣሁ።

እስካሁን ያበግነኛል። አንድ ቃል ነው እኮ! እናቴ ስትለው ክብር፣ መሪጌታው ሲለው ንቀት፣ ግዕዙ ደግሞ ምርኮ። በሬ እንኳ ሲሸጥ የማን እንደነበረ ይጠየቃል፤ ቃልን ግን ያገኘው ሁሉ ይጠምደዋል።

ማምሻውን ልጄ ደወለ። «አባየ፣ ምን አሉ?»

«ነገ እነግርሃለሁ።» ሌላ ምን እላለሁ?

እዚያው ሞጣ አድረን፣ በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ወደ ቢቸና ሊመለስ ወደ መናኸሪያ ሲያመራ እኔ ወደዚያው ቤት ተመለስሁ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መሪጌታው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘኝ።

«አባቴ! ምነው ከደጅ? ይግቡ እንጂ።»

«ምርኮኛ ብለውኝ የለም? ምርኮኛ ማራኪውን ጥሎ የት ይሄዳል? ልጅቱን እስክትሰጡኝ ከዚህ አልነሣም» አልሁትና ዱላየን ከጉልበቴ ላይ አጋደምሁ።