ለስንዱ ያልተደገመው ዳዊት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም። ሌላውን ኃጢአቴን በስልክም ቢሆን ተናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን ምላሴ ላይ በደረሰች ቁጥር መልሼ ውጫታለሁ። አሁን የምጽፈው እትዬ ትርንጎ ሰኞ ጠዋት ጠቅልለው ወደ መተማ ስለሚገቡ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሄዱ በኋላ ብናገር ለማን ይጠቅማል?

እትዬ ትርንጎ ገዳሪፍ ውስጥ፣ እኛ ሰሊጥ ከምናበጥርበት መጋዘን ደጅ ሻይ ይሸጣሉ። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ስንዱ። ከአምስት ዓመት በፊት ለአጨዳ ዶካ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርዳ ንዳድ ገደላት፤ እናቷ አፈር ሳያለብሷት እዚያው ተቀበረች። እትዬ ትርንጎ ማንበብ አይችሉም። የቄስ ልጅ መሆኔን ሰምተው፣ እስከ አርባዋ በየቀኑ ዳዊት እንድደግምላት ለመኑኝ። እሺ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ።

የሰኞውን ደገምሁ። የማክሰኞውን፣ የረቡዑንም ደገምሁ። ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። አሮጌ ጫማና የዐረብኛ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የአማርኛ ልብ ወለድ አየሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ከዳዊቴ በቀር የአማርኛ መጽሐፍ እጄ አልገባም ነበር። ገዛሁት። መግዛቴን ኃጢአት ነው አልልም። ግን በረፋድ፣ ፈጡር የሚሉት ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ያለችን የዕረፍት ሰዓት አንዲት ናት፤ እሷንም ለስንዱ ሰጥቻት ነበር። የሰጠሁትን መልሼ ወሰድሁ። የሐሙሱን ነገ ከዓርቡ ጋር ደርቤ እደግመዋለሁ አልሁ። ዓርብ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ከባሏ ቤት ልትወጣ ነበርና እንዴት ልተዋት?

ልብ ወለዱን ሽፋን ስለሌለው በጨርቅ ለብጬው ነበር፤ ዳዊቴም በጨርቅ የተለበጠ ነው። በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስገልጥ ዘውድነሽ፣ አብራን የምታበጥር ልጅ፣ «አንቺ ሴት ደብተራ፣ ሰሊጡ በዳዊት አይበጠርም እኮ» ብላ ሳቀች። እትዬ ትርንጎ ከምድጃቸው ሆነው ተቆጧት። «ተያት። ለልጄ እየደገመችላት ነው።»

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ብቻ ብል ምን ነበረበት፤ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀመርሁ። ይህንን ማን አስተማረኝ?

ከዚያ ቀን በኋላ በየዕለቱ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ልብ ወለድ አነበብሁ። የመጽሐፉ ልጅ በሞተችበት ቀን ራሴን መግታት አቅቶኝ አለቀስሁ። እትዬ ትርንጎ ብርጭቆውን አስቀምጠው መጡና ትከሻዬን ሳሙኝ። «ኸላስ፣ ይበቃል፣ ዐይንሽን ታጠፊዋለሽ። ለእኔም እንባ አስተርፊልኝ እንጂ» አሉ፤ እያለቀሱ ፈገግ አሉ። በዚያች ሰዓት ብናገር ኖሮ! አልተናገርሁም። ትከሻዬን እንደሰጠኋቸው ቆየሁ።

በየወሩ መጨረሻ ያነበብሁትን በደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ያለቀ፣ የተገዛ፣ የተጀመረ እያልሁ። በዚያ ወር ካለቀው ሥር ልብ ወለዱን ጻፍሁ። ከተገዛው ሥር፣ ከዚያው ሰው ዘንድ ተመልሼ ያገኘሁትን ሌላ መጽሐፍ ጻፍሁ። ዳዊቱን የት ላስገባው? ከተጀመረው ሥር ማስገባት ሲገባኝ፣ ካለቀው ሥር ጻፍሁት። ማንም የማያየውን ደብተር ዋሸሁ።

በአርባዋ ዕለት፣ «ጨረስሽላት?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ልጄ ዐረፈች» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ግን ለማን? ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስም ነው። እትዬ ትርንጎ ያኔ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሦስት ቀን ብቻ ጠርቼው ጠፋብኝ። ወለተ ማን? የመጽሐፉን ልጅ ስም፣ የባሏን ስም፣ የበቅሎዋን ስም ሳይቀር አስታውሳለሁ። የስንዱን የክርስትና ስም አላስታውስም። «ወለተ» እልና እዚያው ላይ እቆማለሁ። እግዚአብሔር ስሟን ያውቀዋል ብዬ እጽናናለሁ። አዎ፣ ያውቀዋል። እኔ እንደረሳሁትም ያውቃል።

ትናንት ሄጄ ነበር። ዕቃቸውን በጆንያ ሲያስሩ አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ያኔ ዳዊቱን...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ። «ደክመሽልኛል፣ አልረሳውም። እኔም ስሞት ከሰማሽ፣ አደራ፣ አንቺው ድገሚልኝ።» የገመዱን አንድ ጫፍ ያዝሁላቸው። አጥብቀን አሰርነው። ከዚያም ወጣሁ።

አሮጊት ናቸው፣ ልባቸው ዐርፏል፣ ለምን አውካቸዋለሁ እላለሁ። ውሸቴን ነው። የምፈራው ለእርሳቸው ልብ አይደለም፤ «የቄስ ልጅ» ለሚለው ስሜ ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ነገ ከጸሎት መልስ እሄዳለሁ። ስሟን አስቀድሜ አልጠይቅም፤ ስሟን ካስቀደምሁ፣ መርሳቴን ብቻ ተናግሬ አመልጣለሁ። አስቀድሜ «አልደገምሁላትም» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ስሟን ቢነግሩኝም፣ ቢነፍጉኝም መብታቸው ነው፤ ልጅቱ የእርሳቸው ናት።